ዋይፋይ ሲቀየር ስፒከሩ ለምን ዝም ይላል?

ቤት ውስጥ አዲስ ኢንተርኔት ገባ። ስልኩ ሰራ፣ ቲቪውም ሰራ። ዘመድ ከውጭ ያመጣው ስፒከር ግን ጭጭ! "ተበላሽቷል" ብላችሁ ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን አንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ግን የእናንተ ስፒከር የትኛው ነው? በብሉቱዝ ብቻ የሚሰራ ከሆነ የሚገናኘው ከስልካችሁ ጋር ነው። ኢንተርኔት ቢቀየርም ባይቀየርም ጉዳዩ አይደለም። ጣጣው ያለው እንደ ጎግል ኔስት ሚኒ፣ አማዞን ኤኮ እና ሶኖስ ባሉት ላይ ነው። እነዚህ ሙዚቃውን ራሳቸው በዋይፋይ ከኢንተርኔት ያመጣሉ። የድሮውን ዋይፋይ ስምና ፓስዎርድ መዝግበው ስለያዙ ራውተሩ ሲቀየር ያንኑ ስም ይፈልጋሉ፣ ያጡታል፣ በቃ። ኔስት ሚኒን የመሰሉት ስክሪን ስለሌላቸው እንደ ስልክ "አዲሱን ፓስዎርድ አስገባ" ሊሏችሁ አይችሉም።

ብዙ ሰው የሚጠቀመው አቋራጭ አለ። የአዲሱን ራውተር ሴቲንግ ከፍታችሁ (መግቢያ አድራሻው ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ስቲከር ላይ አለ) የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ልክ እንደ ድሮው ማድረግ ነው። ካፒታሉ፣ ስሞሉ፣ ክፍት ቦታው ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። ስፒከሩ የድሮው ዋይፋይ መስሎት ራሱ ይገናኛል።

ቀላል ነው፤ እኛ ግን ብዙም አንመክርም። ለምን? የድሮውን ፓስዎርድ የሚያውቀው ስፒከሩ ብቻ አይደለማ! ጎረቤት፣ የቀድሞ ተከራይ፣ አንድ ቀን ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ... የሁሉም ስልክ ሳይጠይቅ ይገባል። ሙዚቃ በሰከንድ 160 ኪሎቢት ሲለቀቅ በሰዓት 72 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ራውተራችሁ በሲም የሚሰራና ፓኬጅ የምትሞሉለት ከሆነ፣ ሌላ ሰው ቪዲዮ ሲያይበት የሚያልቀውን እናንተው አስቡት። በዚያ ላይ እንደ ኔስት ሚኒ ባሉት ላይ እዚያው ዋይፋይ ውስጥ ያለ ሰው ከራሱ ስልክ ዘፈን ሊለቅባችሁ ይችላል። እኩለ ሌሊት ላይም ቢሆን።

ትንሽ የሚያለፋው መንገድ ይሻላል። ለኔስት ሚኒ የጎግል ሆም አፕን ክፈቱ፣ የስፒከሩን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዋይፋዩን እንዲረሳ አድርጉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ጨምሩት። አፑ ስፒከሩን ካላገኘው ማይክ ማጥፊያውን ዝጉና አናቱን መሃል ላይ 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ ድምፅ ሲያሰማ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ተመልሷል ማለት ነው። ለኤኮ ደግሞ አሌክሳ አፕ ውስጥ ስፒከሩን መርጣችሁ ዋይፋዩን መቀየር ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው ስፒከሩ ሳይሆን የገዛ ስልኩ ነው። ቪፒኤን ከፍታችሁ ከሆነ ዝጉት! ስልኩ አጠገቡ ያለውን ስፒከር እንዳያይ ሊያደርገው ይችላል። ብሉቱዝና ሎኬሽን ይብሩ፣ ሞባይል ዳታ ለጊዜው ይጥፋ። ስልኩም ስፒከሩ ከሚገባበት ዋይፋይ ጋር መገናኘት አለበት። መሃል ላይ "ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" የሚል መልእክት ከመጣ አትደንግጡ፣ ይቆይ በሉት። ስልካችሁ ለጊዜው ከራሱ ከስፒከሩ ጋር እየተገናኘ ነው።

አሁንም እምቢ ካለ ራውተሩን እዩት። አዳዲስ ራውተሮች ብዙ ጊዜ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶችን ይለቃሉ። ርካሽ ስፒከሮች 2.4ን ብቻ ሊያውቁ ይችላሉ፤ ግድግዳ አልፎ በመድረስም 2.4 ይሻላል። ስለዚህ ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጡና ስፒከሩን 2.4 ላይ አስገቡት። የቆየ ስፒከር ከሆነ ደግሞ የራውተሩን ደህንነት ከደብሊውፒኤ3 ወደ ደብሊውፒኤ2 ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ስፒከሩ ተገናኝቶ ስልካችሁ ላይ ካልታየስ? ምናልባት አንዱ የእንግዳ ዋይፋይ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ሁለቱንም ዋናው ላይ አድርጓቸው፤ የእንግዳውን ፓስዎርድ ለጎረቤት ስጡት።