ጦርነት ለክትባት የቆመባቸው ቀናት

ልጆች የሱዳንን ዜና ሲሰሙ «ለምን አይታረቁም?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችን «ፖለቲካ ነው፣ አይገባህም» ብለን እናልፋቸዋለን። እኔ ግን ሥራዬ ነርስነት ስለነበር ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ያለ ይመስለኛል። ሙሉ እርቅ በራቀበት ጊዜ እንኳ ለልጆች ሲባል መሣሪያ ዝም ያለባቸው ቀናት ነበሩ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሱዳን ጦር ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያው የጀመረው ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ነው። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ጥይቱ ሳያገኘው የቀረውን ልጅ የሚያሰጋው ደግሞ ኩፍኝ ነው። አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ክትባት ካላገኙ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 የሚሆኑትን ሊያስይዝ ይችላል። በመጠለያ ጣቢያ ተፋፍጎ የሚኖር፣ ምግብም የጎደለው ሕፃን ከያዘው በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ ወይም በዓይነ ስውርነት ይጎዳል።

ሦስት ቀን በኤል ሳልቫዶር

በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ኤል ሳልቫዶር ከ1980 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ነበር። የያኔው የዩኒሴፍ ዋና ዳይሬክተር ጄምስ ግራንት ለፕሬዚዳንት ሆሴ ናፖሊዮን ዱዋርቴ ልጆቹ እንዲከተቡ ውጊያው ይቁም ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በመሐል ገብታ ሸመገለች፤ አማፅያኑም ተስማሙ። በ1985 ለሦስት የተለያዩ ቀናት መሣሪያው ዝም አለ። ወደ 250,000 የሚጠጉ ሕፃናት ኩፍኝን፣ የልጅነት ልምሻን፣ ትክትክንና ሌሎችንም በሽታዎች ለመከላከል ተከተቡ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ይኸው በየዓመቱ ተደገመ።

ሱዳን ራሷ አድርጋዋለች

በ1995 በካርቱም መንግሥትና በደቡብ ሱዳን አማፅያን መካከል ጦርነቱ ተፋፍሞ ነበር። በዓለም ካሉት የጊኒ ዎርም በሽተኞች አብዛኞቹም የነበሩት በዚያችው አገር ነበር። ይህ ትል በኩሬ ውኃ ወደ ሆድ ገብቶ ከዓመት ገደማ በኋላ ቆዳ ቀድዶ ይወጣል፤ ርዝመቱ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። መከላከያው ውኃን በጨርቅ ማጣራትና ትሉ የወጣበት ሰው ኩሬ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ጤና ሠራተኛው መንደሩ መድረስ አለበት።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሁለቱን ወገኖች አነጋግረው ለሁለት ወር ተኩስ አስቆሙ። ስምምነቱ ተራዝሞ ወደ ስድስት ወር ተጠጋ። በዚያ ጊዜ ማጣሪያ ጨርቅ ታደለ፣ ሕፃናትም ተከተቡ። በ1986 በዓለም ወደ 3.5 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የበሽታው ተጠቂ በ2024 ወደ 15 ሰው ወርዷል። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰነው ጋምቤላ ይህን ትል ለማጥፋት ብዙ ተደክሟል።

ዛሬ ምን ጎደለ?

በግንቦት 2023 ሁለቱ ተፋላሚዎች ጅዳ ላይ ሲቪሎችንና ሆስፒታሎችን ለመጠበቅ ፈርመው ነበር። የተኩስ አቁም ስምምነትም ተከተለ፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ ተጣሰ። በመስከረም 2025 ደግሞ አሜሪካ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብፅና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሦስት ወር ሰብዓዊ ተኩስ አቁም እንዲደረግ ጠየቁ። ችግሩ ከሸምጋዮቹ መካከል ገለልተኝነታቸው የሚጠረጠር መኖሩ ነው። ግብፅ ለሠራዊቱ ታደላለች ይባላል። ኤምሬቶች ፈጥኖ ደራሹን ታስታጥቃለች ተብላ ትከሰሳለች፤ እርሷ ግን ታስተባብላለች። በእኛም አገር ከተጣሉት ለአንዱ ያዳላ ሰው በሽማግሌነት አይቀመጥም።

ሁለተኛው ነገር ሥራው ተለይቶ መታወቁ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በበረዶ ሣጥን ይዞ የወጣ ጤና ሠራተኛ ኬላ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ከታገተ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱም ይበላሻል። ስለዚህ «ሲቪሎች ይጠበቁ» ማለት ብቻ አይበቃውም። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት። የኤል ሳልቫዶር ስምምነት የሠራው ቀኑም ሥራውም ቁርጥ ያለ ስለነበረ ይመስለኛል። ማንም ድል አልተጠየቀበትም፤ የተጠየቀው የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

እንዲህ ያለ እፎይታ ጦርነትን አያስቆምም። ኤል ሳልቫዶር ከመጀመሪያው የክትባት ቀን በኋላ ሰባት ዓመት ያህል ተዋግታለች። ነገር ግን ያኔ የተከተበ ሕፃን ሰላም ሲመጣ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ሰፋ።

ከእኛ የሚጠበቀው

በመተማና በኩርሙክ በኩል ብዙ ሱዳናውያን ወደ አገራችን ገብተዋል። ከአገር ውስጥ ተፈናቅለው በየዘመዱ ቤት የተጠጉ ልጆችም አሉ። በአጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሕፃን ካለ እናቱን «ካርዱ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርዱ ጠፍቷል ብላ የምትቀር እናት ብዙ ናት፤ ነገር ግን ካርድ ባይኖርም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይቻላል። ተከትቦ ከነበረ እንኳ የኩፍኝን ክትባት መድገም ጉዳት የለውም። እናትየው ቋንቋውን ካላወቀች ወይም ሰው ከፈራች አብራችኋት ሂዱ።