የሙከራው ወጪ ከማን ኪስ ይውጣ?

ደብረ ታቦር ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ባቄላው ሳይበስል ሰዓቱ ይገፋል፣ ማገዶው ያልቃል። ቁልቁል ፎገራ ሜዳ ላይ ያለችው ወረታ ግን 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያው ባቄላ 94 ዲግሪ አግኝቶ ቀድሞ ይበስላል።

የሦስት ዲግሪ ልዩነት ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወይም የባዮጋዝ ማብላያ ሠርቶ ለመሸጥ የሚያስብ የደቡብ ጎንደር ወጣት ትልቁ ጥያቄ ከዚሁ ይጀምራል፤ ሌላ ቦታ የሠራው መሣሪያ እዚህ ይሠራል ወይ? መልሱ የሚገኘው በሙከራ ነው። ሙከራ ደግሞ ገንዘብ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሲነሣ ለገበሬው ከግንባታው ወጪ ከፊሉን ይደጉም ነበር። እበት በእኩል ውሃ ተበጥብጦ ከመሬት በታች ወደተሠራ ጉልላታማ ጉድጓድ ይገባል፤ አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሚቴን ይወጣል፤ ጋዙም በቱቦ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ባክቴሪያዎቹ የሚመቻቸው ግን 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ ሥራቸው ይንቀራፈፋል፤ ከ10 በታች ሊቆም ይደርሳል። ደጋው ላይ አፈሩ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ በጉና ተራራ ግርጌ የተቀበረ ጉድጓድ ከቆላው እኩል ጋዝ አይሰጥም። መላ አይጠፋም፤ ጉድጓዱን ማስፋት፣ በላዩ ብስባሽ መከመር፣ በፕላስቲክ መሸፈን ይቻላል። የትኛው በስንት ብር ምን ያህል ጋዝ እንደሚጨምር ግን እዚያው ሠርቶ፣ ክረምት ከበጋ ለክቶ ካልሆነ አይታወቅም።

ጉዳዩ ከማብሰልም ያልፋል። እንጨት በጠፋበት ደጋ ኩበት ይነዳል፤ የሚነደው ኩበት ለድንቹና ለገብሱ ማሳ መዋል የነበረበት ፍግ ነው። ባዮጋዝ ጋዙን ለምድጃው ሰጥቶ ዝቃጩን ለማሳው ይመልሳል።

ታዲያ የሙከራው ገንዘብ ከየት ይምጣ? በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ማኅበር የሚያገኘው በአብዛኛው ብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ብድር ነበር። ለብሎኬት፣ ለከብት ማድለብ፣ ለብረታ ብረት ሥራ ብድር ይበጃል፤ ገበያው ይታወቃልና። ሦስት ዓይነት ጉድጓድ ሠርቶ ሁለቱ እንደማያዋጡ ያረጋገጠ ወጣት ግን ወለዱን ከምን ይከፍላል? ዋስ የሆኑት ዘመዶቹስ? ለዚህ ሥራ የሚስማማው የማይመለስ ድጎማ ነው።

አሜሪካ ይህን በሕግ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከፍተኛ የምርምር በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የበጀታቸውን የተወሰነ ድርሻ ለአነስተኛ ኩባንያዎች እንዲለዩ ተገደዱ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በቅርብ ዓመታት በሠራበት ደንብ፣ በመጀመሪያው ዙር ለስድስት ወር እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ሐሳቡ እንደሚሠራ ያሳየ ኩባንያ ደግሞ ለሁለት ዓመት እስከ 400 ሺህ ዶላር ለማግኘት ይወዳደር ነበር። መንግሥት አክሲዮን አይወስድም። ብልሃቱ በዙር መከፈሉ ነው፤ የማያዋጣ ሐሳብ ብዙ ሳይበላ ይቀራል።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የአየር ንብረት ፈጠራ ማዕከል ነው። ሁለት ዓመት የቀደመውን የኬንያን ማዕከል ተከትሎ፣ በዓለም ባንክ ፕሮግራም፣ በኖርዌይና በብሪታንያ ገንዘብ ተቋቁሞ ጀማሪ ድርጅቶችን በምክርና በድጎማ ደግፏል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ይሁንና የለጋሽ ገንዘብ የፕሮጀክት ዕድሜ አለው፤ አዲስ አበባም ከላይ ጋይንት ወይም ከስማዳ ሩቅ ናት።

የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለማየት «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት የኃይል ጥናት ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ በብረት ሞልድ የሚወጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱን እያወጡ ድስት ይሸከማሉ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በጀርመን የልማት ድርጅት ድጋፍ ሥልጠናው ለአነስተኛ አምራቾች ሲደርስ የምርምሩ ወጪ ተከፍሎ ያለቀ ነበር፤ የአምራቹ ፋንታ አምርቶ መሸጥ ሆነ።

ወረታ ላይ እንዲህ ያለ ሌላ ሥራ ደጅ ላይ ተከምሮ ይጠብቃል። እዚያ ከሚፈለፈለው ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛው ገደማ ገለፈት ነው። ብዙ ሲሊካ ስላለው ተራ ምድጃ ውስጥ በአመድ ይታፈናል። ፊሊፒናዊው መሐንዲስ አሌክሲስ ቤሎኒዮ ገለፈቱን ወደ ጋዝ ቀይሮ የሚያነድ፣ አነስተኛ ማራገቢያ ያለው ምድጃ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የሮሌክስን ሽልማት አግኝቷል። ወረታ ላይ ግን አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው እንደገና መለካት አለበት። የጣናን እምቦጭ ማገዶ ለማድረግ የሚያስብ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል፤ አረሙ ከክብደቱ 90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ ማጓጓዝና ማድረቅ ትርፉን ሊበላ ይችላል። «አያዋጣም» የሚል መልስ በትንሽ ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ለክልሉ ትልቅ ቁጠባ ነው።

የምድጃ ፈተና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንዲት ጋጋሪ በአንድ ዓይነት ሊጥ፣ በአንድ ዓይነት እንጨት፣ በነባሩም በአዲሱም ምድጃ በተለያየ ቀን ትጋግራለች፤ እንጨቱ ሲገባ ይመዘናል፣ የተረፈውና ከሰሉም ይመዘናል፣ እንጀራውም እንዲሁ። ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ታማኝ መዝጋቢ ይበቃሉ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው። ክልሉ በሁለት ዙር የሚከፈል አነስተኛ ድጎማ መድቦ፣ ማመልከቻውን ሁለት ገጽ ባልበለጠ አማርኛ ተቀብሎ፣ ልኬቱን ለዩኒቨርሲቲው፣ ሥራውን ለማኅበራቱ ቢሰጥ የመጀመሪያው ዙር ከአንድ ክረምት እስከ ቀጣዩ በጋ ውጤቱን ማሳየት ይችላል።