ግራም የሚቆጠርለት ቢጫ አውሮፕላን

ሳጥኑ ሲከፈት አውሮፕላን የለም። ያለው ስስ የእንጨት ገበታ፣ የታጠፈ ትልቅ ንድፍ፣ ጥቂት ሽቦ፣ ከዚያ ደግሞ ሌዘር የቆረጠው እንጨት የሚተወው የጭስ ሽታ ነው። እኔ የያዝኩት የፓይፐር ጄ-3 ካብ ሞዴል ነው። እውነተኛው ካብ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ሎክ ሄቨን ከተማ ይሠራ የነበረ ባለ ሁለት ወንበር ቢጫ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.74 ሜትር ያህል ነው፤ ሞዴሉ የእውነተኛው አንድ ስድስተኛ ስለሆነ፣ በስድስት ሲካፈል 1.79 ሜትር ይመጣል። ትንሽ ነው እንዳይባል በር አያስወጣም፤ ክንፉ የሚነቀለውም ለዚህ ነው።

እንጨቱ ባልሳ ይባላል። አብዛኛው የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። የእጽዋት ሊቃውንት ከ«ጠንካራ እንጨት» ወገን ይመድቡታል፤ በጥፍር ይጫራል እንጂ! ክብደቱ የውሃን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው።

ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፤ ሙጫ እንዳይዘው ስስ ላስቲክ ይለብሳል፤ የክንፉ ጎድኖች በላዩ ተደርድረው በስፒል ይያዛሉ። ቀጭን ሱፐር ግሉ መጋጠሚያው ላይ ጠብ ሲል ሰርጎ ይገባና በሰከንዶች ይደርቃል። ጣትም ካገኘ አይምርም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ዱቄት ይሆናል።

ልብሱ ሙቀት ሲነካው የሚኮማተር ቢጫ ፕላስቲክ ነው፤ በትንሽ ካውያ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ችኩል ይቀጣል። እኔ የክንፉን ላይኛ ፊት ብቻ አጥብቄ ተኩሼ ባድር፣ ጠዋት ክንፉ ፀሐይ እንደመታው ቆዳ ተጣምሞ ጠበቀኝ። መድኃኒቱ በተቃራኒው ጠምዝዞ ይዞ እንደገና ማሞቅ ነው። ሞተሩን፣ ባትሪውንና መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ሰርቮዎች መግጠም የአንድ ከሰዓት ሥራ ስለሆነ አላበዛበትም።

ጌጡ ግን ሳምንታት ይበላል። የካብ ሞተር አራት ሲሊንደሮቹ ከሽፋኑ በግራና በቀኝ ወጥተው ይታያሉ፤ በሞዴሉ ላይ ባዶ ፕላስቲክ ናቸው። መጀመሪያ ጥቁር ይቀባሉ። ቀጥሎ ብሩሹ የብር ቀለም ይነከርና ጨርቅ ላይ ይጠረጋል፤ ደረቀ እስኪመስል። ያን ብሩሽ በፕላስቲኩ ክንፈፎች ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያሳልፉት ጫፋቸው ብቻ ብር ይሆናል፣ ጎድጓዳው ጥቁር ይቀራል፤ ፕላስቲክ የነበረው ብረት ይመስላል።

ፓይለቱንም የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ጄ-3ን ብቻውን የሚያበር ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ የፊቱ ባዶ መሆኑ ስህተት የሚመስለው እንግዳ አይጠፋም።

ችግሩ ግን ውበት ይመዝናል። አውሮፕላኑ በጣት ጫፍ ከክንፉ ሥር፣ ንድፉ ባመለከተው ነጥብ ሲነሳ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጭራው ከዚያ ነጥብ ያለው ርቀት የአፍንጫውን ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ ጭራ ላይ የተጨመረ 10 ግራም ቀለም አፍንጫው ላይ 30 ግራም እርሳስ ይጠይቃል። ጭራው የከበደ አውሮፕላን ደግሞ አፍንጫውን ባነሳ ቁጥር መመለሱን ይረሳል። የእኔው ጭራውን ጣለ። ባትሪውን እስከ ሞተሩ ገፋሁት፤ አልበቃም። ያን የመሰለ ፓይለት ከወንበሩ አውጥቼ ሆዱን በማንኪያ ፈለፈልኩት።

ከጌጡ ሁሉ ምንም ያላስከፈለኝ አንድ ሽቦ ነው። የእውነተኛው ካብ የነዳጅ መለኪያ ከፊት መስታወቱ ፊት ለፊት፣ ከታንኩ ክዳን ወጥቶ የሚታይ ሽቦ ነው፤ ታች ቡሽ ታስሮለታል። ነዳጁ ሲቀንስ ቡሹ ይወርዳል፣ ሽቦውም ያጥራል። እኔ የወረቀት መያዣ ሽቦ አቃንቼ ተከልኩበት። በባትሪ የሚበር አውሮፕላን ታንኩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።