ያልፈላ ወተት

የጤነኛ ላም ወተት ገና ጡቷ ውስጥ ሳለ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ችግሩ ከወጣ በኋላ ይመጣል። ጭራዋ ላይ የደረቀ እበት፣ ያልታጠበ የአላቢ እጅ፣ ጥጃ ጠብቶ የተወው ጡት፣ ዕቃው የተለቀለቀበት የወንዝ ውሃ፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሙቀቱ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ጠዋት የታለበ ወተት በጀሪካን ተጭኖ በፀሐይ ከተማ እስኪደርስ ስንት 20 ደቂቃ እንደሚያልፍ አንባቢ ያስላው።

ጀሪካንን ካነሳን አይቀር፣ ለወተት የሚሆን ዕቃ አይደለም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ውስጡ በተጫረ ቁጥር ወተቱ በየጭረቱ ይደርቅና በመለቅለቅ አይለቅም። እናቶቻችን ግሬራውን በግራዋ ፈትገው በወይራ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም። ጭሱ የባክቴሪያውን ቁጥር ይቀንሳል፣ ወተቱም ቶሎ አይኮመጥጥም። ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ከላሟ ጋር የሚታለብም በሽታ አለ። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ እንዲህ ናቸው። ማልታ ደሴት የሰፈሩትን የእንግሊዝ ወታደሮች እየተመላለሰ የሚጥል ትኩሳት፣ ይኸው ብሩሴሎሲስ፣ ለዓመታት አሰቃይቷቸዋል። ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ተሕዋሱን በ1887 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ ምንጩ ግን እስከ 1905 አልታወቀም ነበር። ሌላው ሐኪም ቴሚስቶክሌስ ዛሚት የደሴቲቱን ፍየሎች ሲመረምር በሽታው እነሱ ዘንድ ተገኘ። ፍየሎቹ ሲያዩዋቸው ጤነኞች ይመስሉ ነበር፤ ወታደሮቹ ወተታቸውን መጠጣት ሲያቆሙ ትኩሳቱ ቀነሰ።

«እርጎ ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚል ብዙ ነው። ኮምጣጣነቱ ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ የብሩሴሎሲስ ተሕዋስ ግን እርጎና ትኩስ አይብ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

እነዚህን ተሕዋሳት ለመግደል ፋብሪካ ወተቱን በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሴኮንድ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያሞቃል። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ለሌለው እስኪገነፍል ማፍላት ነው። ሆኖም ሙቀት ላይ ውሎ ያደረን ወተት ማፍላት አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተፉትን መርዝ እሳት አያጠፋውም።

እርጎ የሚወድ አይከልከል። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዞ፣ እርሾ ጨምሮ ያርጋው። እርሾው ራሱ ካልፈላ ወተት የመጣ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቅ። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጥሬ ወተት፣ የገዛ ላማችንም ቢሆን፣ አይሰጥ።