ከጎሜ እስከ ሐኪም ቤት፦ የአእምሮ ሕሙማን የፈውስ ፍለጋ በጋሞ ምድር

ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ በዶርዜ ተራሮች የሚኖር አንድ ወጣት ሸማኔ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። እስካለፈው ክረምት ድረስ በጥለት አጣጣሉ የተመሰገነ ባለሙያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ጎረቤቶቹ ሊመርዙት እንደሚያሴሩ ማሰብ፣ ከሰው መሸሽ ጀመረ። የሽመና ዕቃውንም ተወው። ወጣቱን ለማስረጃ ያህል የፈጠርነው ቢሆንም የቤተሰቡ ጥያቄ በብዙ ደጃፎች የሚጠየቅ ነው። ለመሆኑ ወደ ማን እንውሰደው?

በዚህ ጽሑፍ የአእምሮ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ የሚያልፉባቸውን በሮች፣ በየበሩ የሚገጥማቸውን አቀባበልና ሳይንስ ስለዚህ ያረጋገጠውን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው በር

በጋሞ ባህል ሕመም፣ መካንነትም ሆነ ድንገተኛ መከራ ብዙ ጊዜ «ጎሜ» በሚባለው እሳቤ ይተረጎማል። ጎሜ ማለት የተከለከለን ነገር መጣስና ጥሰቱ የሚያስከትለው መዘዝ ነው። መዘዙ የሚነሣው ጥፋቱ ተመርምሮ ሲታወቅ፣ በዳይ ሲናዘዝና ከተበደለው ጋር ሲታረቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠባዩ ሲለወጥ ቤተሰቡ «ምን አጥፍተናል?» ብሎ ሽማግሌ ዘንድ ቢሄድ የሚያስገርም አይደለም። የጋሞ አባቶች ያላቸው ክብር በመላ ሀገሪቱ የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። ያን ጊዜ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። እንዲህ የሚታመን ሰው ባለበት ምድር የታመመ ሰው ጉዳይ አስቀድሞ ወደ እርሱ ይደርሳል። ሌሎችም በጸበል፣ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት፣ በባህል መድኃኒት ዐዋቂ ወይም በጠንቋይ ደጅ ይሞክራሉ።

ይህ የጋሞ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የመጡ 1044 አዲስ ሕሙማንን የመጡበትን መንገድ ጠይቋል። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የመጡት ከግማሽ በታች ነበሩ። ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት አስቀድመው የሃይማኖት ፈዋሾችን ጎብኝተዋል። ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ሕክምናው ድረስ ያለፈው ጊዜም በመካከለኛ ስሌት 38 ሳምንታት ያህል ነበር።

ሕሙማን ከዚህ የመጀመሪያ በር የሚያገኙትን መናቅ አይገባም። ቦታው ቅርብ ነው፤ ሰሚ አለ፤ የሚነገረው ቋንቋ የራሳቸው ነው፤ ሕመሙም ትርጉም ያገኛል፤ ዘመድ አዝማድም በጉዳዩ ይሰበሰባል። ይሁን እንጂ እርቅ ቂምን ቢፈታም የስኪዞፍሬኒያን ቅዠት ብቻውን አያጠፋም። ሳይታከሙ የሚያልፉ ወራት በበዙ ቁጥር ደግሞ የማገገም ዕድሉ እየጠበበ እንደሚሄድ በብዙ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ።

ሰንሰለት ለምን?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሕመምተኛን በሰንሰለት ወይም በገመድ ማሰር ነው። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት ቤተሰብ የሚያስረው አብዛኛውን ጊዜ ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። ሕመምተኛው ገደል እንዳይገባ፣ እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ይሰጋል፤ የሚረዳው ሲያጣም ያስራል። የሕክምና አገልግሎቱ በወረዳው ጤና ጣቢያዎች ከተጀመረ በኋላ ግን በክትትል ላይ ከነበሩት ከባድ ሕሙማን መካከል የሚታሰሩት ከአንድ አራተኛ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ዝቅ ብለዋል። ከዚህ የምንረዳው ሰንሰለትን ለማስቀረት ሕክምናን ማቅረብ ከውግዘት የበለጠ ኃይል እንዳለው ነው።

ሁለተኛው በር፦ ሐኪም ቤት

አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድን የተረበሸ ሰው በአውቶቡስ ይዞ መጓዝ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። በሀገር ውስጥ የሥነ-አእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የሠለጠኑ የሥነ-አእምሮ ነርሶች በክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች ሸክሙን ተሸክመው ቆይተዋል።

እዚህ ላይ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሕሙማንን ቅሬታ ለመረዳት ይጠቅማል። የአንጎል ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካሎች አማካይነት ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ዶፓሚን ነው። በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች የዶፓሚን ሥራ ከልክ ሲያልፍ አእምሮ ተራውን ነገር ሁሉ ልዩ ትርጉም ይሰጠዋል፤ የጎረቤት ሳል እንኳ ምልክት ይሆናል። እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች የዶፓሚንን መቀበያዎች በመዝጋት ይህን ማዕበል ያበርዳሉ። ነገር ግን ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ስለሚቆጣጠር እጅ ሊንቀጠቀጥ፣ ጡንቻም ሊገትር ይችላል። ለሸማኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንጀራው በጣቶቹ ላይ ነውና። እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉት ደግሞ ሌሎች መቀበያዎችን ስለሚነኩ እንቅልፍና ብርቱ ረኃብ ያመጣሉ።

ስለዚህ ረኃብ በቡታጅራ አካባቢ የተገኘው ውጤት ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች፣ አስታማሚዎቻቸውንና የጤና ባለሙያዎችን «መድኃኒት ለምን ይቋረጣል?» ብሎ ጠየቀ። ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን የምግብ ፍላጎት የሚያስታግስ ምግብ በቤት ውስጥ አለመኖሩ ነበር። እንግዲህ በሐኪሙ መዝገብ «መድኃኒቱን አይወስድም» ተብሎ የሚጻፈው ሰው እምቢተኛ ሳይሆን የተራበ ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሐኪሙም ካልጠየቀ አያውቅም።

ሕሙማን በሕክምና ስፍራ የሚያነሷቸው ሌሎች ቅሬታዎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። ንግግሩ ከአስታማሚው ጋር ብቻ ሲሆን፣ የሕመሙ ስም ሳይነገር፣ መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ሳይብራራ ወረቀት ተቀብሎ መውጣት ሰውን ያሳንሳል። የትራንስፖርት ወጪና የመድኃኒት መጥፋትም ይታከልበታል። ድምፁ ጠፋ ብሎ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲያገረሽበት ቤተሰቡ «ሐኪም ቤትም አልሆነም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

የቸልታው ዋጋ

ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሰፊ የማኅበረሰብ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ውስጥ ቀድሞ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሉ 121 ሞተዋል። ይህም ከሌላው ሕዝብ የሞት መጠን እጥፍ ነው። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። ሕመሙ የአእምሮ ቢሆንም የሚገድለው ሌላ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲያስል ወይም ሲያተኩሰው «እብደቱ ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነውና።

በሮቹን ማገናኘት

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ልዩ ሐኪም ባልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበትን መመሪያ አወጣ። ኢትዮጵያም ከሞከሩት ሀገሮች አንዷ ሆነች። አሠራሩ ይሳካ ይሆን ለሚለው ጥያቄ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ መልስ ሰጥቷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ባለሙያዎች፣ እኩሌቶቹ በሆስፒታል በሥነ-አእምሮ ነርሶች ታከሙ። በጤና ጣቢያ የታከሙት ውጤት ከሌሎቹ አላነሰም። ለዶርዜና ለጨንቻ ደጋማ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ተራራ ወርዶ ከመውጣት ያድናልና።

ሆኖም ጤና ጣቢያ ቢቀርብ እንኳ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደሚያምነው ነው። ስለዚህ አማራጩ የመጀመሪያውን በር መዝጋት ሳይሆን ከሁለተኛው ጋር ማገናኘት ነው። ለዚህም ሀገራዊ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ሳይተዉ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ተመሳሳይ ቃል ከሽማግሌ፣ ከካህንና ከፓስተር አንደበት ቢወጣ ክብደቱ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል።

ለአንባቢ የሚከተሉትን እናስታውሳለን፦

1. እንቅልፍ ማጣት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያለ ምክንያት መጠራጠር ወይም ራስን የማጥፋት ንግግር ሲታይ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይገባል። እርቁም ሆነ ጸሎቱ ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል።

2. መድኃኒት ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳል። ጣት ቢንቀጠቀጥ፣ ረኃብ ቢበረታ መድኃኒቱን በራስ ከማቋረጥ ይልቅ ለባለሙያው መንገር ይሻላል፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይለወጣል።

3. የጤና ባለሙያ ሕመምተኛውን ራሱን ያናግር። «በቤት ምን ትበላለህ? ለመምጣት ስንት ከፈልክ?» የሚሉት ጥያቄዎች የሕክምናው አካል ናቸው።

ወደ ሸማኔው ወጣት እንመለስ። አባቶች ካስታረቁት በኋላ «አሁን ደግሞ ወደ ሐኪም ሂድ» ብለው ቢሸኙት፣ ሐኪሙም ስለ ጣቶቹና ስለ ማዕዱ ቢጠይቀው፣ በሚቀጥለው ክረምት ከሽመና ዕቃው ፊት ተቀምጦ የምናገኘው ይመስለናል። ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው እውቀት በእጃችን አለ፤ የሚቀረው ሁለቱ በሮች እንዲተያዩ ማድረግ ነው።