ዲዳኬ፦ ሥርዓት ከሹመት የቀደመበት መጽሐፍ

ክርስትና ሲጀመር መንፈስ ብቻ ነበር፣ ሥርዓቱን ካህናት በኋላ ደረቡበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዲዳኬ የምትባለው ጥንታዊት የክርስቲያኖች የሥርዓት መጽሐፍ ለዚህ አባባል አትመችም። በአንደኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ምናልባትም በሶርያ፣ በግሪክኛ እንደ ተጻፈች ትገመታለች። ያሏት 16 አጫጭር ምዕራፎች ናቸው። ለዘመናት ጠፍታ ኖራ፣ በ1056 እ.ኤ.አ. በተገለበጠ ጥራዝ ውስጥ ፊሎቴዎስ ብርየንዮስ በ1873 ቁስጥንጥንያ ላይ አገኛት፤ በ1883ም አሳተማት። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትታወቀው ዲድስቅልያ ጋር አንድ አይደለችም።

መጽሐፏ ስለ ሥርዓት ስትናገር ጥንቁቅ ናት፤ ግትር ግን አይደለችም። ጥምቀት በወራጅ ውሃ ይሁን ትላለች፤ እሱ ከሌለ በሌላ ውሃ፣ ቀዝቃዛው ካልሆነ በሞቀው፣ ሁለቱም ከታጡ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ ይበቃል። አጥማቂውም ተጠማቂውም አስቀድመው ይጹማሉ። የሳምንቱ ጾም ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ምእመናን የሚጾሟቸው እነዚያው ቀናት። ይህን ሁሉ የምታዘው ግን ለጳጳስ ወይም ለቄስ አይደለም፤ «እናንተ» የምትለው ማኅበሩን ነው። ሥርዓቱ ተደላድሎ ሳለ ባለሥልጣኑ ገና አልተለየም።

እንዲያውም ሥልጣን ያለው የሚመስለው ሰው በማኅበሩ ይፈተናል። ተዘዋዋሪው ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ቢያስፈልግ ሁለት ይስተናገድ፤ ሦስተኛውን ካደረ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ ከስንቅ እንጀራ በቀር አይወስድም፤ ገንዘብ ከጠየቀም አለቀለት። በመንፈስ ሆኖ ማዕድ አሰናዱ ብሎ ከዚያው ማዕድ የሚቀምስ ነቢይም እንዲሁ ሐሰተኛ ነው፤ ደንቡን ያወጣው ሰው ብዙ እንግዳ ያየ መሆን አለበት። ጳጳሳትና ዲያቆናት ብቅ የሚሉት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ማኅበሩ ራሱ እንዲመርጣቸው፣ ከመረጠም በኋላ እንዳይንቃቸው ይመከራል። የተፈራ ሹም ቢሆኑ ኖሮ ይህ ምክር ባላስፈለገ።

ታዲያ በዚያው ዘመን ግድም የአንጾኪያው ጳጳስ አግናጥዮስ ያለ ጳጳስ ቁርባን የለም ብሎ አልጻፈም ወይ? ጽፏል። ነገር ግን ደጋግሞ መወትወቱ፣ ሁሉም ገና እንዳልተቀበለው ያሳያል፤ የጳጳሱንም ሥልጣን የሚያጸናው ቁርባኑን ይዞ ነው። ዲዳኬ የአንድ አጥቢያ ልማድ ብቻ ናት የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሁሉም ማኅበር እንደዚያ ኖሯል ማለት አይቻልምና። ሆኖም በአራተኛው ምዕት ዓመት በሶርያ የተዘጋጀው «የሐዋርያት ድንጋጌዎች» የተባለው መጽሐፍ ሰባተኛ ክፍሉን የሠራው ዲዳኬን አስፍቶ ነው። ረቡዕና ዓርብ በቦታቸው አሉ። የጥምቀቱ ትእዛዝ ግን አሁን ጳጳሱንና ቄሱን በማዕረጋቸው ጠርቶ ይጀምራል።