ስኳር ላለባት እናት ለብቻዋ ድስት መጣድ ግድ ነው? (ስለ ቤታችን ፓስታ)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፓስታ ነው። ቀላል ርዕስ ይመስላል፤ እኔን ግን በሥራዬ ያሳፈረኝ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

እናቴ ስኳር እንዳለባት ካወቅን ሦስት ዓመት አለፈን። ያኔ ያያት ባለሙያ «ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳቦ አይብሉ» ብሎ ሸኛት፤ በቃ። ሳሪስ አቦ ባለው ቤታችን ደግሞ ፓስታ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሠራል። የእህቴ ልጆች ሌላ ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ጾም ሲሆንም የሁላችንም መድኃኒት እሱ ነው። ስለዚህ እማዬ ሁለት ድስት መጣድ ጀመረች። አንዱ ለእኛ ፓስታ፣ አንዱ ለእሷ ሽሮ። ለእኛ አቅርባ እሷ ኋላ ላይ ብቻዋን ትበላለች። እኔም ሐኪሙ ልጅ እያየሁ «ጎበዝ» እላት ነበር።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ኩሽና ውስጥ መብራት ሳታበራ ቆማ፣ ልጆቹ ያስተረፉትን ፓስታ ከነድስቱ በዳቦ እየበላች አገኘኋት። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ሌባ ደነገጠች። «ትንሽ አምሮኝ ነው ልጄ» አለችኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካት 263።

ያሳፈረኝ ቁጥሩ አይደለም። ይህንኑ «ፓስታ ተዉ» የሚለውን ምክር እኔ ራሴ ለስንት ታካሚ ተናግሬዋለሁ! ደጅ ላይ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ በጣም የሚመች ምክር ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ቀጣዩን መጥራት ነው። ቤት ሲደርስ ግን እናትን ከገበታ ነጥሎ ጨለማ ውስጥ ያስበላል።

እውነቱ ምንድን ነው? ስኳር ያለበት ሰው ፓስታን ፈጽሞ መከልከል የለበትም። ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ውስጡ ጥብቅ ስለሆነ አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚፈጨው፤ ደም ውስጥ ያለውን ስኳርም ከነጭ ዳቦ ዝግ ብሎ ነው ከፍ የሚያደርገው። ሁሉም ፓስታ ከዱረም ብቻ አይሠራምና ስትገዙ ፓኬቱ ላይ «ዱረም» ወይም «ሴሞሊና» የሚል ፈልጉ። የሚጎዳን በአብዛኛው አሠራራችንና አበላላችን ነው።

መጀመሪያ አቀቃቀሉ። እኛ ቤት ፓስታ እስኪላላ፣ በሹካ ሲነሳ እስኪበጠስ ድረስ ይቀቀል ነበር። እንዲህ ሲሆን ያ ጥብቅነቱ ይጠፋል፣ ስኳሩም ቶሎ ይወጣል። ጥርስ ላይ ትንሽ ያዝ ሲያደርግ አውጡት። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ግን እንዳለ አትመኑት፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከተጻፈው አንድ ሁለት ደቂቃ ሊጨምር ይችላል። እየቀመሱ ማየት ነው።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ ጥፋት፣ ፓስታን በዳቦ ወይም በእንጀራ መብላት ነው። ሁለቱም ያው ስታርች ናቸው! ጎን ለጎን ለስላሳ ከተከፈተማ፣ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ወደ 30 ግራም ስኳር ይዟል። እማዬ ያን ማታ 263 የደረሰችው በፓስታው ብቻ አይመስለኝም፤ ዳቦው ነበረ፣ ከሰዓታት ረሃብ በኋላ መብላቷም ነበረ።

ዘይት ላይ ብዙ አልሰብክም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ እኛ ግማሽ ብርጭቆ እንገለብጥ ነበር፣ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ደግሞ ከቻላችሁ በፈሳሹ ተኩት።

ቅዳሜ ዕለት እኔ ላብስል ብዬ ተነሳሁ። እማዬ ሳቀች፣ ግን ኩሽናውን ለቀቀችልኝ። ከጉሊት 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ቲማቲም፣ 2 ካሮትና አንድ እስር ቆስጣ ገዛሁ። አንድ ብርጭቆ ምስር ክክ ቤት ነበር። ምስሩን ለብቻው ቀቀልኩት፤ ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ምስር አልበስል ብሎ ያስቸግራል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በትንሽ በትንሹ ውኃ ጠብ እያደረግሁ አቁላላሁት። ይህን የሐኪም ግኝት እንዳይመስላችሁ፣ እናቶቻችን ለወጥ የሚያደርጉት ነው፤ ለስጎ ሲሆን ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ምስሩ። መጨረሻ ላይ የተከተፈ ቆስጣና በሶብላ። ለጠቅላላው ድስት አንድ ጠፍጣፋ የሻይ ማንኪያ ጨው ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ያ ማለት ከቁርስ እስከ እራት አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የሾርባ ቅመም ተውኩት፤ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው፣ እማዬ ደግሞ ደም ግፊትም አለባት።

ድሮ ለስድስታችን አንድ ፓኬት ተኩል ነበር የሚቀቀለው። ቅዳሜ ከ500 ግራሙ ፓኬት 400 ያህሉ በቃን፣ ምክንያቱም ምስሩ ያጠግባል። ለእማዬ ያወጣሁላት በጭብጧ ልክ ፓስታ፣ የቀረው የሳህኑ ክፍል ስጎና የቃሪያና ቲማቲም ሰላጣ። ዳቦ የለም። ከሁላችን ጋር ቁጭ ብላ በላች። ትንሿ ልጅ ቆስጣውን እየለቀመች «ይሄ ሣር ለማነው?» ብላ ጠየቀች፤ በሚቀጥለው በደንብ አድቅቄ እከትፈዋለሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ 171። ለአብዛኛው ትልቅ ሰው ከ180 በታች እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ይህ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ቁጥር ነው። የእናንተ ሰውነት ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ ስለዚህ መለኪያ ካላችሁ በልታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሳችሁን ለኩ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ፦ ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትውጡ ሰዎች፣ ይህን አንብባችሁ የምግባችሁን መጠን በአንድ ጊዜ አትቀንሱ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ከቀነሰ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ያመጣል። መጀመሪያ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁም እንዲሁ፤ ቲማቲሙ፣ ቆስጣውና ምስሩ ፖታስየም ስላላቸው ለእናንተ ሌላ ሒሳብ አለው።

አሁን ቤታችን አንድ ድስት ነው የሚጣደው። እማዬ «በርበሬ የሌለው ስጎ የሆስፒታል ምግብ ነው» ብላ ግማሽ ማንኪያ ጨምራለች፤ አልከለከልኳትም። ብቻ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጨው የተቀላቀለበት በርበሬ ከሆነ፣ ያችን የሻይ ማንኪያ ጨው ወደ ግማሽ አውርዷት።